የጋኑ ክዳን

3ኛ ወር፣ 6 ቀን

ዛሬ በቀን መቁጠሪያው የፈረስ ቀን ነው ብለው አማቴ ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሱኝ። የዓመቱ የአኩሪ አተር ድልህ፣ ጃንግ፣ በፈረስ ቀን ካልተጣለ አይጣፍጥም። ለምን ፈረስ? ለምን በሬ አይሆንም? ለዚህ ቤት ከተዳርኩ ጀምሮ እጠይቃለሁ። "እኔም አማቴን አልጠየቅኩም፤ አንቺም አትጠይቂኝ" ነው መልሱ።

የበረዶውን ወራት ከጣሪያ ሥር ተንጠልጥለው የሻገቱትን የአኩሪ አተር ጥፍጥፎች አጥቤ ጋኑ ውስጥ ደረደርኩ። ጨው ውሃውን ሞላሁበት፤ እንቁላል ጣልኩበት። እንቁላሉ የአምስት መቶ ዎን ሳንቲም የምታህል ጀርባ አውጥቶ ተንሳፈፈ። ጨዉ ልክ ነው ማለት ነው። ክፉውን እንዲያጠሩ ከሰልና ቀይ በርበሬ ጣልኩበት። አማቴ ከነጭ ወረቀት የካልሲ ቅርጽ ቆርጠው፣ ጣቱን ወደ ላይ ገልብጠው፣ የጋኑ ሆድ ላይ ለጠፉ። ክፉ ነገር ሲመጣ መንገዱ ተገልብጦበት እንዲመለስ ነው።

"እስቲ አሽትቺው" አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ምንም የለም።

"ደህና ነው" አልኳቸው። ጉንፋን ነው መቼስ። ከባለፈው መከር ጀምሮ የቀኝ አፍንጫዬ እንደተደፈነ ነው።

3ኛ ወር፣ 15

ነስር። ጎመን እየቆረጥኩ። ትንሽ ነው፤ ጎመኑን አጠብኩት።

3ኛ ወር፣ 21

የላይኛው ቤት ሴትዮ፣ የዶንጉ እናት፣ የራሷን ጃንግ በሳህን ይዛ መጣች። ይቺ ሴት ጋኗ ውስጥ የደረቀ ዓሣ ጭንቅላትና የባሕር ቅጠል ትጨምራለች። እናቷ የባሕር ዳር ሰው ስለነበሩ ነው ትላለች። በእኛ ቤት አኩሪ አተር፣ ጨውና ውሃ ነው፤ ለጣዕም ሌላ ነገር አይገባም። በዚህ የተነሳ ስንኳረፍና ስንታረቅ ልጆቻችን አደጉ።

"እስቲ ቅመሽና ፍረጂ" አለችኝ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት።

"ሳልቀምሰው አውቀዋለሁ። ይሄ ጃንግ አይደለም፤ የዓሣ መቃብር ነው።"

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ሳህኗን ከድና ወጣች።

ማታ ላይ ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለኝ። ብቀምሰውስ ምን አውቅ ነበር? ምላሴ ከጨው በቀር የሚነግረኝ ነገር የለም። ምላሴ ራሱ የማያውቀውን ነው በሰው ፊት የተናገረው። ይቅርታ ልጠይቃት ይገባል። ነገ።

4ኛ ወር፣ 2

አልጠየቅኳትም።

ጋኑን በየቀኑ እከፍታለሁ። አይሸትም። ጃንጉ ሞቷል ብዬ ፈራሁ። አማቴ ሲሉት የኖሩት ነገር አለ፤ የቤት ጃንግ ጣዕሙ ሲለወጥ ከዚያ ቤት ሰው በቃሬዛ ይወጣል። እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም። ቢሆንም ለእሳቸው ትንፍሽ አላልኩም፤ ባሌን ቴሺክን በጓሮ ጠርቼ "አሽት" አልኩት።

ጭንቅላቱን ጋኑ ውስጥ ከተተ። "ያው እንደ ሁልጊዜው ነው።"

"በደንብ አሽት።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ጋኑ ደህና ነው። የሞተው ያንቺ አፍንጫ ነው።"

ሳቅን። እሱ ወደ ማሳው ሲሄድ ግን ጥናት ጀመርኩ። ሽንኩርት አሸተትኩ። ነጭ ሽንኩርት። የውሻውን ጀርባ። በመጨረሻ የቴሺክን የትናንት ካልሲ። ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ጋኑ ደህና ነው።

እፎይ አልኩ። ጋኑ ደህና በመሆኑ እፎይ ማለቴ ራሱ ገረመኝ።

4ኛ ወር፣ 11

የከተማው የአፍንጫ ሐኪም የበረዶውን ወራት ሙሉ ሳይነስ ነው ሲለኝ ከርሟል። ዛሬ መብራቱን አብርቶ ደጋግሞ አየ።

"ምን አዩ?" አልኩት።

"ሴኡል ይሂዱ።"

"የጠየቅኩት ምን አዩ ብዬ ነው።"

"ያየሁትን ስላላወቅኩት ነው ሴኡል ይሂዱ የምልዎት።"

ሐቀኛ ሰው ነው። ሐቁ ከበረዶው በፊት ቢመጣለት ጥሩ ነበር። እኔም ብሆን ደም ከጎመን ላይ እያጠብኩ "ትንሽ ነው" ስል ነበር፤ እሱን ብቻ ምን እወቅሰዋለሁ።

4ኛ ወር፣ 25

ጃንጉን ለየሁት፤ ጥቁሩ ውሃ ለብቻ፣ ድልሁ ለብቻ። ድልሁን ትልቁ ጋን ውስጥ ከአሮጌው ጋር ደባለቅኩት። በዚህ ቤት አሮጌው ሳያልቅ ነው አዲሱ የሚጨመርበት። የአማቴ አማት የጣሉትም ከሥር ትንሽ ትንሽ አለበት ይባላል። እንግዲህ ያለን ጃንግ ሁሉ እዚያ አንድ ጋን ውስጥ ነው።

ቴሺክን አጠገቤ አቁሜ አስተማርኩት። "ፀሐይ ሲወጣ ክፈተው፤ ደመና ስታይ ክደነው። ዝናብ አንዴ ከገባበት አለቀለት።"

"እሺ።"

"ድገመው።"

"ፀሐይ ክፈት፤ ደመና ክደን። ወታደር ቤት እንኳ እንዲህ አላስደገሙኝም።"

ነገ በባቡር ወደ ሴኡል። ልጄ ሄሪም እዚያ ነው የምትሠራው፤ አንዲት ክፍል ቤት አላት።

5ኛ ወር፣ 14

ውጤቱ መጣ። ሐኪሟ ዶክተር ፒዮ ትባላለች፤ ከሄሪም ብዙም አትበልጥም። ስንገባ ወንበሯን ወደ ልጄ አዞረችና ለእሷ ማውራት ጀመረች። ሄሪም እጇን ጉልበቷ ላይ አጣብቃ ራሷን ትነቀንቃለች። ትንሽ ታገስኩ።

"ይቅርታ ዶክተር፤ አፍንጫው የኔ ነው" አልኩ። "ለኔ ይንገሩኝ።"

ወንበሩን መለሰችው። ስሙ ኤንኬ-ቲ ሊምፎማ ነው፤ የአፍንጫው ዓይነት። ከደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። በእኛና በጎረቤት አገሮች ከሌላው ዓለም ይበልጥ ይታያል፤ ያም ሆኖ ብርቅ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ሁላችንም ማለት ይቻላል ይዘነው የምንኖረው ቫይረስ አብሮት ይገኛል።

"ሁላችንም ካለን ለምን እኔን?"

"አናውቅም።"

"ፈጣን ነው?"

"ፈጣን ነው። እኛም እንፈጥናለን።"

ፎቶውን አሳየችኝ። የራስ ቅሌን ውስጥ ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም። በአጥንቱ መሃል እንደ ቤት ክፍሎች ያሉ ባዶ ቦታዎች አሉ፤ አንደኛው ሞልቷል። ስለ ሞላው ከመጠየቄ በፊት ባዶዎቹ ለምን እንደሚያገለግሉ ጠየቅኳት። ሄሪም "እማዬ፣ በናትሽ" አለችኝ። እኔ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን ተሸክሜው ዞሬ ማወቅ አይገባኝም?

በመጨረሻ የመዳን ዕድሉን ጠየቅኩ። ቁጥር ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የብዕሩ ቀለም እያለቀ ነው።

በመንደሩ ዕጣ ከሳሙና በቀር ደርሶኝ አያውቅም ነበር። አሁን ደግሞ ብርቁ ደረሰኝ። ይህን ለቴሺክ በስልክ ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። ከኋላው ውሻው ሲጮህ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ "ክዳኑን ዘግቼዋለሁ፤ ደመና ነው" አለኝ።

5ኛ ወር፣ 24

ኬሞ ጀመርኩ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ከባክቴሪያ የሚሠራ ነው። ነርሷን ለምን ብዬ ያዝኳት፤ ዶክተር ፒዮን ጠራችልኝ። ዕጢው በራሱ መሥራት የማይችለው አንድ ምግብ አለ፤ አስፓራጂን ይባላል፤ ከደም ነው የሚወስደው። መድኃኒቱ ያንን ከደሜ ያጠፋል፤ ዕጢው ይራባል። ጃንግ የሚያበስሉትም ረቂቅ ነፍሳት ናቸው፤ የእነሱ ዘመድ ነው እንግዲህ ሊያድነኝ የመጣው። ይህ በጣም ደስ አለኝ።

ግን አስፓራጂንን አውቀዋለሁ። የማያውቀው ማን አለ? ሰክሮ ላደረ ሰው የአኩሪ አተር ቡቃያ ሾርባ የምንሰጠው አስፓራጂን ስላለው አይደል፤ ማሸጊያው ላይ ሁሉ ተጽፏል። የዛሬው ምሳ ደግሞ የቡቃያ ሾርባ ነው። ዕጢውን በአንድ እጅ እያስራብኩ በሌላ እጅ ላጎርሰው? ሳልነካው መለስኩት።

5ኛ ወር፣ 28

ዛሬም ቡቃያ። መለስኩ። ትናንትም ቡቃያውን አንድ በአንድ ለቅሜ አውጥቻለሁ።

5ኛ ወር፣ 30

ተጋለጥኩ። ነርሷ ምግብ አልበላም አለች ብላ ተናገረች። ዶክተር ፒዮ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ምክንያቱን ነገርኳት። ለመሳቅ አፏን በመዝገቡ ሸፈነች።

"ሰውነትዎ ራሱ ይሠራዋል፤ ቡቃያ በሉ አልበሉ ለውጥ የለውም። ይብሉ።"

"ሌላም ሰው እንዲህ አድርጎ ያውቃል?"

"እርስዎ አራተኛ ነዎት። ሁሉም ግን ከእርስዎ ቶሎ ነው የተናዘዙት።"

ከዛሬ ጀምሮ ነርሶቹ "ወይዘሮ ለምን" ነው የሚሉኝ።

6ኛ ወር፣ 8

ጎረቤት አልጋዬ ላይ ያሉት የሞክፖ ሴትዮ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ሞክፖ ገበያ ውስጥ የከረመ ዓሣ ነው የሚሸጡት፤ ያ ሽታው ዓይን የሚያስለቅሰውን። ልጃቸው አምጥቶላቸው አልጋ ሥር ደብቀዋል። የክፍሉ ሰው ሁሉ ወደ ኮሪደር ተሰደደ፤ እኔ ምንም ሳይመስለኝ ቡቃያዬን እበላለሁ።

"እውነተኛ ጓደኛ ማለት አንቺ ነሽ" አሉኝ።

"አፍንጫዬን ላመስግነው።"

"የኔ በጉበት ነው። ጉበት ለምን እንደሚጠቅም እንኳ የማውቀው ከያዘኝ ወዲህ ነው።" ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ነጠላ ጫማቸው የአበባ ጌጥ አለው። "ያንቺስ?"

ነገርኳቸው። "ስሙ ረጅም ነው" አሉ አዝነው። ስለ ስሙ ይሁን ስለኔ አልገባኝም።

6ኛ ወር፣ 29

ትኩሳት። ነጭ የደም ሴል ወርዷል። ብዙ አልጽፍም።

ዓይኔን ስገልጥ ቴሺክ አልጋዬ አጠገብ ቆሟል። እስከ ጉልበቱ የሚደርሰውን የሩዝ ማሳ ቦት ጫማ እንዳደረገ። ጭቃው አልደረቀም።

"ማን አመጣህ?"

"ባቡር።"

"በዚህ ጫማ?"

"ሄሪም ደወለች። ጫማ ነው የሚታየኝ እንዴ።"

ውጭ ዝናብ ይዘንባል። የክረምቱ ዝናብ ገባ አሉ፤ በደቡብ ደግሞ ይብሳል። ልጠይቀው የነበረ ነገር ነበር። ረሳሁት። እጁ ቀዝቃዛ ነው፤ ደስ ይላል።

7ኛ ወር፣ 4

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ቴሺክ ትናንት ተመለሰ፤ ሄሪም አዲስ ጫማ ገዝታለት።

ጨረር ልጀምር ነው፤ ለዚያ ጭምብል ተሠራልኝ። ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ወንፊት ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ፊቴ ላይ ዘረጉት፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ፊቴን ሆነ። ሠራተኛው ልጅ አንስቶ አሳየኝ። አፍንጫዬ ለካ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በመስታወት አይቼው አላውቅም። ጨረሩ ሲጀመር በጭምብሉ ጠረጴዛው ላይ ቆልፈውኝ ከክፍሉ ይወጣሉ።

"ለምን ትወጣላችሁ?"

"ጨረሩ እንዳያገኘን።"

ደህና መልስ ነው። ማሽኑ በጭንቅላቴ ዙሪያ ሲዞር እያዳመጥኩ የት ጋ ድምፁን እንደሚለውጥ መለየት ጀመርኩ። ሌላ የሚሠራ ነገር የለም፤ መፍራት ደግሞ ያደክማል።

ዶክተር ፒዮን የማሽተት ነገር ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። ከተመለሰ ጥሩ ዜና ነው" አለችኝ። እንዲህ ዓይነቱን መልስ ከአማቴም አገኘው ነበር፤ በነፃ።

7ኛ ወር፣ 9

ቤት ደወልኩ።

"ጋኑስ?" አልኩት።

"የምን ጋን?"

"ስንት ጋን ነው ያለን?"

"ደህና ነው።"

"ክዳኑ?"

"አሁን ተከድኗል።"

"እማማን አቅርባቸው።"

"ጓሮ ናቸው።"

"በዚህ ዝናብ?"

"ምን ላድርግ፤ እሳቸውን ማን ይከለክላል።" ስልኩ ተዘጋ። ካርድ ይሆናል ያለቀበት።

7ኛ ወር፣ 12

ጉሮሮዬ ቆስሏል። ውሃ እንኳ ምላጭ ነው።

ሐሙስ ማታ ሄሪም መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ በስልክ ታወራ ነበር፤ የእሷ ክፍል ግድግዳ ግን ወረቀት ነው። "ሁሉም ነው አባዬ? ከሥሩም? ... አያቴስ ምን አለች? ... አይ፣ አይ፣ ለእሷማ እንዳይነገራት። አሁን ይሄን ብትሰማ... እሺ ከማን? ... እሷ ትሰጣለች ብለህ ነው?"

የጣሪያው ነገር መሆን አለበት። ማድቤቱ ላይ ያፈሳል፤ የሰው መሰላል ሊዋሱ ነው። ስትወጣ "ምነው ልጄ?" አልኳት። "የቢሮ ነገር ነው" አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ መንደራችን ወደ ጉርዬ ወርዳ ዛሬ እሑድ ማታ ተመለሰች፤ ወገቧን ይዛ። ጣሪያ ላይ መውጣት ለሷ አይሆንም ነበር።

8ኛ ወር፣ 10

ጨረሩ አለቀ፤ ለጥቂት ቀን ወደ ቤት ለቀቁኝ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ አሁን ጎድሏል።

ቀጥታ ወደ ጋኑ ሄድኩ። ክዳኑን አነሳሁ። ሞልቷል፤ ቀለሙ ደህና ነው፤ ትንሽ የጠቆረ መሰለኝ። ክረምት ነው፤ ይጠቁራል። የወረቀቱ ካልሲ ግን ነጭ ነው። በዚህ ጊዜ ፀሐይ ቢጫ አድርጎት ነበር የሚሆነው።

"እማማ፣ ካልሲውን ቀየሩት እንዴ?"

"ዝናብ አራሰው" አሉና ወደ ቤት ገቡ። ካልሲው ጣቱ ወደ ታች ነው የተለጠፈው። አማቴ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለምን ብዬ አላስቀምጣቸውም ነበር። ዛሬ ደክሞኛል።

ምሳ የጃንግ ሾርባ በደንብ አንፈቅፍቀው አቀረቡልኝ፤ ያልበሰለ ጃንግ ተከልክያለሁ። ሙቀቱና ጨዉ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ሁለቱም ያዩኛል። "ይጣፍጣል" አልኩ፤ እንዲደሰቱ ብዬ። ቴሺክ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ከሰዓት የዶንጉ እናት በአጥር ላይ አየችኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። "ብዪ፤ ዝም ብለሽ ብዪ። ሰውነትሽ ይመለስ።" ትንሽ ቆየችና "ጃንጉ እንዴት ነው?" አለችኝ። ይቺ ሴት ስለኛ ጃንግ ጠይቃኝ አታውቅም።

"እማማ፣ የዶንጉ እናት ምን ሆና ነው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ጋንም በጠጠር ይደገፋል" አሉኝ አማቴ።

8ኛ ወር፣ 22

ተመልሼ ሆስፒታል፤ ኬሞ። የሞክፖዋ እትዬ አልጋ ላይ አንዲት ወጣት ተኝታለች። "ወደ ቤታቸው ሄዱ" አለችኝ ነርሷ፤ የደም ቱቦዬን እያየች፤ ዓይኔን ሳይሆን።

ባለ አበባ ነጠላ ጫማቸው አልጋው ሥር አለ። ረስተውት ነው። ሊወስዱት ይመጡ ይሆናል። እንዳይጠፋ ብዬ ወደ እኔ አልጋ ሥር ሳብኩት።

9ኛ ወር፣ 3

ማስመለስ።

9ኛ ወር፣ 4

እንደ ትናንቱ።

9ኛ ወር፣ 7

ሄሪም ግንባሬን ስትይዝ "ይቅርታ እማዬ" አለችኝ። "የምን ይቅርታ?" ብላት "እንዲሁ" አለች። እኔ ነኝ ይቅርታ ማለት ያለብኝ፤ ያችን ጠባብ ክፍል ሞልቼባት። አፌ ግን ቆስሎ ነበር። በኋላ ቆዳ እንዴት ተመልሶ እንደሚበቅል ሳስብ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከየት ያውቃል፤ የት ጋ ማቆም እንዳለበት?

9ኛ ወር፣ 26

የመጨረሻው ኬሞ። በአሥረኛው ወር አጋማሽ ስካን። ያኔ ይታወቃል፤ አለ ወይም የለም። ነጠላ ጫማው እስካሁን እኔ ጋ ነው፤ በሻንጣዬ ወደ ቤት ይዤው እሄዳለሁ።

10ኛ ወር፣ 9

ቤት ነኝ። ሩዙ ታጭዷል።

ምሳ ላይ አማቴ የጃንግ ሾርባውን አቀረቡ። ማንኪያውን ሳነሳ መጀመሪያ በሩ ላይ ሰው የቆመ መሰለኝ፤ ዞር ብዬ ሁሉ አየሁ። ማንም የለም። እንደገና አነሳሁት።

ሽታ ነው። በግራ አፍንጫዬ፣ በጣም ከሩቅ፤ ግን ሽታ ነው። ከመከር እስከ መከር ሲጠፋኝ የኖረው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የሾርባው እንፋሎት መስሏቸዋል። እንዳይሄድብኝ ፈራሁ። ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ ለየሁት። አኩሪ አተር። ነጭ ሽንኩርት። ከዚያ ከሥር ሌላ ነገር አለ፤ በእኛ ቤት የማላውቀው። ሦስተኛ ማንኪያ ወሰድኩ። የባሕር ቅጠል። የደረቀ ዓሣ ጭንቅላት።

አንገቴን ሳቀና ሁለቱም መብላት አቁመዋል።

"ምነው?" አሉ አማቴ። "ጨው በዛ?" በሁለት እጃቸው የሳህናቸውን ጠርዝ ይዘዋል። ጃንግ የተለወጠበት ቤት ሰው ይወጣበታል ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ያንን ጋን ገልብጠው ያጠቡት፣ ሰው ደጅ ሄደው የተቀበሉት፣ ወረቀቱን ቸኩለው የለጠፉት በእነዚህ እጆች ነው።

"ኧረ አልበዛም" አልኳቸው። "የኛ ጃንግ እንደ ዘንድሮ ጣፍጦ አያውቅም። ትንሽ ይጨምሩልኝ።"

ሳህኑን ይዘው ወደ ማድቤት ሄዱ። ለአንድ ጭልፋ ብዙ ቆዩ።

10ኛ ወር፣ 17

ቴሺክ አብሮኝ ገባ። ዶክተር ፒዮ ዛሬ ወንበሯን በቀጥታ ወደኔ አዞረች።

"ምንም አይታይም" አለችኝ።

"የለም ማለት ነው?"

"አይታይም ማለት ነው። በየሦስት ወሩ እየመጡ እናያለን፤ እየቆየ ሲሄድ የለም ማለት እንጀምራለን።"

ልዩነቱ ገባኝ። ፎቶውን አየሁት፤ ክፍሎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ ባዶ ሲሆኑ ነው የሚያምሩት። ቴሺክ ፎቶውን አላየም፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ይጠመዝዛል።

"ማሽተትስ? ተመለሰ?"

"ጀምሯል።"

"መጀመሪያ ያሸተቱት ምን ነበር?" አሁን እሷ ናት ጠያቂዋ።

"የጎረቤቴን ጃንግ" አልኳት።

ሳቀችና ጻፈች። ቴሺክ ኮፍያውን መጠምዘዝ አቆመ። አንገቱን ደፍቶ ሄሪም የገዛችለትን ጫማ ማየት ጀመረ፤ እስክንወጣ ድረስም ቀና አላለም።

ባቡሩ ከሴኡል ወጥቶ ብዙ መንገድ ሄደ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለኝ በመጨረሻ።

"ከባለፈው ሳምንት። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ።"

"ያን ቀን ሄሪም ስትደውል ማሳ ውስጥ ነበርኩ። ክዳኑ..."

"ቦት ጫማውን አይቻለሁ" አልኩት።

"እናቴም ቤተ መቅደስ ሄደው ነበር። ላንቺ ሊጸልዩ። ስመለስ እስከ አፉ ውሃ ሞልቷል፤ ትል ወጥቶበታል። እናቴን ካንቺ ሕመም ይልቅ ያ ነው ያስለቀሳቸው። ማለቴ... ያው አንድ ነው ለሳቸው።" አፍንጫውን ጠረገ። "የዶንጉ እናት ሳንጠይቃት ነው የሰጠችው። ግማሽ ጋኗን። በኔ ይሞላ፣ እሷ አታውቅም ብላ።"

ይቅርታ ሳልጠይቃት የከረምኩት ሴት። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ነገ ስል ይሄ ሁለተኛዬ ነው፤ የዛሬው ግን ነገ ነው።

"ለእናቴ ትነግሪያቸዋለሽ?"

"ሆድ ይፍጀው። የዶንጉን እናት ግን አንድ ነገር እጠይቃታለሁ።"

"ምን?"

"ስንት ጭንቅላት እንደምትጨምር።"

ከሆስፒታሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። አኩሪ አተሩን በሚቀጥለው ወር እንቀቅላለን፤ በፈረስ ቀን አዲስ ጃንግ እንጥላለን፤ ከዚያ ክረምቱ ይገባል። እሱም ይህንኑ እያሰበ ነበር መሰለኝ።

"ለከርሞ ክዳኑን ቆሜ ነው የምጠብቀው" አለ።

"አይሆንም። የከርሞውን ክዳን የምከድነው እኔ ነኝ።"

"እሺ።"

"ድገመው።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። ሜዳው ታጭዶ ባዶውን ነው። "ክዳኑን የምትከድኚው አንቺ ነሽ" አለ።

ትንሽ ሄድን። ማንም ሳያስደግመው እንደገና ደገመው።